ሳሎን መጋዘን ሲሆን፦ ከቤታቸው ሆነው በኢንተርኔት የሚነግዱ የአዳማና የአካባቢዋ ነዋሪዎች የመድን ሽፋን

በአዳማ ከተማ ሱቅ ተከራይቶ መነገድ የከበደው ሰው ዛሬ ዕቃውን የሚደረድረው በመኖሪያ ቤቱ ነው። በሳሎን ጥግ የተከመሩ የጫማ ካርቶኖች፣ በመኝታ ክፍል በቦንዳ የታሰሩ አልባሳት፣ በበረንዳ ላይ የተቀመጡ ሽቶዎችና የስልክ መለዋወጫዎች ፎቶግራፋቸው ተነስቶ በቴሌግራምና በፌስቡክ ገጾች ይለቀቃል። ደንበኛው በስልኩ አይቶ ያዛል፤ ክፍያውን በቴሌብር ወይም በባንክ የሞባይል አገልግሎት ይፈጽማል፤ ዕቃው በሞተር ብስክሌት ወይም በባጃጅ ደጁ ድረስ ይመጣለታል። ከከተማዋ ውጭ ለሚገኝ ደንበኛ ደግሞ በሚኒባስ ተጭኖ ወደ ሞጆ፣ መቂ፣ ባቱ፣ ሻሸመኔ ወይም መተሐራ ይላካል።

አዳማ ለዚህ ዓይነቱ ንግድ የተመቸች ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ በ100 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ላይ የምትገኝ ሲሆን፣ የአዲስ አበባ-አዳማ የፍጥነት መንገድ በ2007 ዓ.ም. አገልግሎት መስጠት ከጀመረ ወዲህ ከመርካቶ ማለዳ የተገዛ ዕቃ ከምሳ በፊት አዳማ ይደርሳል። የአገሪቱ ትልቁ ደረቅ ወደብ የሚገኘውም በአጎራባቿ ሞጆ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 እና በ2013 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቴሌብር ለእንቅስቃሴው ሕጋዊና ቴክኒካዊ መሠረት ጥለውለታል። በሥራው ከተሰማሩት መካከል ሥራ ፈላጊ ምሩቃንና የቤት እመቤቶች ብቻ ሳይሆኑ ደመወዛቸውን ለመደጎም የሚጥሩ የመንግሥት ሠራተኞችም ይገኙበታል።

መንግሥት በዲጂታል ኢትዮጵያ 2025 ስትራቴጂ አማካይነት ለዘርፉ የሰጠው ማበረታቻ በዋናነት ያተኮረው በሽያጩና በክፍያው ላይ ነው። ዕቃው ከመሸጡ በፊት የሚያድርበት ቤት ግን ይህን ያህል ትኩረት አላገኘም። ቤቱ ቢቃጠል፣ ቢዘረፍ ወይም በመሬት መንቀጥቀጥ ቢፈርስ የጠፋውን የንግድ ዕቃ የሚተካው ማን ነው የሚለው ጥያቄ ሲነሳ በአብዛኛው መልሱ «ማንም» የሚል ይሆናል። አሳሳቢው ነገር ብዙዎቹ የቤት ባለቤቶች መድን የገቡ መሆናቸውን እንጂ ይህን አለማወቃቸው ነው።

በኢትዮጵያ የመኖሪያ ቤት መድን በብዛት የሚገባው በባለቤቱ ፍላጎት ሳይሆን በባንክ ብድር ምክንያት ነው። ባንኩ ቤቱን በዋስትና ሲይዝ የእሳት አደጋ መድን እንዲገባለት ይጠይቃል፤ በውሉም ላይ የካሳው ቀዳሚ ተጠቃሚ ራሱ ባንኩ እንዲሆን ያደርጋል። ይህ ዓይነቱ ውል የሚሸፍነው ግድግዳውን፣ ጣሪያውንና ከሕንጻው ጋር የተያያዘውን ነገር ነው። በቤቱ ውስጥ ያለው አልጋ፣ ቴሌቪዥንና ማቀዝቀዣ እንኳ በተለየ የቤት ዕቃ መድን ካልተጠቀሰ በስተቀር ከሽፋኑ ውጭ ነው። የቤት ዕቃ መድን የገባ ሰው ቢኖርም ውሉ የሚናገረው ስለ ቤተሰቡ መገልገያ ነው። ለሽያጭ የተቀመጠ 200 ጥንድ ጫማ የቤት ዕቃ ሳይሆን የንግድ ዕቃ ነው፤ የንግድ ዕቃ የራሱ የተለየ ውል አለው።

ለምሳሌ በአዳማ በባንክ ብድር ቤት የሠሩ አንዲት የመንግሥት ሠራተኛ ይታሰቡ። ውሉን ሲፈርሙ ቤቱ መኖሪያ ነበር፤ በቅጹም ላይ የተሞላው ይኸው ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ የዕቁብ ዕጣቸው ሲወጣ ገንዘቡን በመዋቢያ ዕቃዎችና በሕፃናት አልባሳት ላይ አውለው በቴሌግራም መሸጥ ይጀምራሉ። ንግዱ ሲሰፋ ሁለቱ ክፍሎች በካርቶን ይሞላሉ፤ ደንበኞች ዕቃ ለማየት ይመላለሳሉ። አረቦኑ በየዓመቱ ይከፈላል፤ ውሉም ይታደሳል። ቤቱ የሚሰጠው አገልግሎት መለወጡን ግን ለመድን ሰጪው ያሳወቀ የለም። እኚህ ሠራተኛ እሳት ቢነሳባቸው የንግድ ዕቃቸው ካሳ እንደማያገኝ ብቻ አይደለም፤ የቤቱ ካሳም ጥያቄ ላይ ሊወድቅ ይችላል። የባንክ ዕዳውና የዕቁቡ ቀሪ ክፍያ ግን አይቀሩም።

ይህ የሚመነጨው ከመድን ድርጅቶች የውስጥ አሠራር ሳይሆን ከሕጉ ነው። በ2013 ዓ.ም. የወጣው አዲሱ የንግድ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 1243/2013፣ ስለ መድን የሚደነግገውን የቀድሞውን ሕግ ክፍል ስላልተካው የ1952 ዓ.ም. የንግድ ሕግ እስካሁን ይሠራበታል። ሕጉ በአንቀጽ 667 መድን ገቢው ውሉን ሲፈርም መድን ሰጪው አደጋውን ለመመዘን የሚያስችለውን የሚያውቀውን ሁሉ በትክክል እንዲገልጽ ያስገድዳል። ቀጥለው ያሉት አንቀጾች ደግሞ ስለ መደበቅና በውሉ ዘመን ስለሚከሰት የአደጋ ሥጋት መጨመር ይደነግጋሉ። በተንኮል የተደረገ መደበቅ ውሉን ፈራሽ ያደርጋል። ተንኮል በሌለበት ጊዜ ውሉ አይፈርስም፤ ይሁንና ካሳው በተከፈለው አረቦንና መከፈል በነበረበት አረቦን መካከል ባለው ልዩነት ልክ ሊቀነስ ይችላል። ቤትን ወደ ዕቃ ማከማቻነት መለወጥ መድን ሰጪው ቢያውቀው አረቦን የሚጨምርበት ጉዳይ ስለሆነ ሊነገረው ይገባል።

ችግሩ የኢትዮጵያ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ በስፋት የሚሠራበት መደበኛ የቤት ባለቤቶች የመድን ውል በቤት ውስጥ ለሚገኝ የንግድ ንብረት የሚከፍለው ከ2 ሺህ 500 ዶላር አይበልጥም፤ ከዚያ በላይ የሚፈልግ ተጨማሪ ሽፋን መግዛት አለበት። ልዩነቱ እዚያ ተጨማሪው ሽፋን ከቤት ሆኖ ለሚነግድ ሰው ተብሎ ተዘጋጅቶ በአነስተኛ ክፍያ መገኘቱ ነው። በአገራችን ቤቱን ለብቻ፣ የሱቅና የመጋዘን ዕቃን ለብቻ የሚሸፍኑ ውሎች ቢኖሩም በሁለቱ መካከል ያለው ነጋዴ ቦታው በግልጽ አልተለየለትም።

አደጋው በወረቀት ላይ ብቻ የሚገኝም አይደለም። የአዳማ መኖሪያ ቤት የኤሌክትሪክ መስመር የተዘረጋው ለመብራት፣ ለምጣድና ለጥቂት መገልገያዎች ነው። ምጣዱ በተጣደበት ሰዓት በአንድ ማከፋፈያ ላይ የፎቶግራፍ መብራት፣ በርካታ የስልክ ቻርጀሮችና ማቀዝቀዣ ሲሰኩ መስመሩ ይግላል። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ የሚፈጠረው የኃይል መዋዠቅም የተለመደ ነው። ሽቶ፣ የጥፍር ቀለምና ማስለቀቂያው፣ ስፖንጅ፣ ፕላስቲክና በጥብቅ የታሰረ ጨርቅ በቀላሉ ተቀጣጣይ ናቸው። የፓወር ባንክ ባትሪዎች በሙቀት ወይም በጉዳት ምክንያት ራሳቸው ሊቀጣጠሉ ይችላሉ። በዚህ ላይ ቡና የሚፈላበት ከሰል ከካርቶኑ ጥቂት እርምጃ ብቻ ይርቃል። በጋራ መኖሪያ ሕንጻ ውስጥ ሲሆን ደግሞ በአንድ ቤት የተነሳ እሳት የጎረቤትን ንብረት ስለሚያጠፋ የካሳ ጥያቄው ወደ ነጋዴው ይዞራል። የሦስተኛ ወገን ኃላፊነት ሽፋን የሌለው ሰው ይህንንም ከኪሱ መክፈል ሊኖርበት ነው።

በአዲስ አበባ መርካቶ ሸማ ተራ ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. የደረሰው የእሳት ቃጠሎ ዕቃ በተጠጋጉ ቤቶች ውስጥ ሲከማች እሳት ምን ያህል በፍጥነት እንደሚዛመት አሳይቷል። ሸማ ተራ ግን የታወቀ የገበያ ቦታ ነው፤ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ምን እንደሚጠብቃቸው ያውቃሉ። በመኖሪያ ሰፈር ውስጥ የተደበቀን የዕቃ ክምችት አስቀድሞ የሚያውቀው የለም።

የንግድ ዕቃቸውን በአግባቡ መድን ያስገቡትም ቢሆኑ ከሥጋት ነጻ አይደሉም። መንግሥት ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ካደረገ በኋላ ቀድሞ በ57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው አንድ የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። ከውጭ የሚገቡ አልባሳት፣ የመዋቢያና የኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎች ዋጋም ጨምሯል። በውሉ ላይ የሰፈረው የመድን መጠን ግን በአብዛኛው ባለበት ቆይቷል። በእሳት መድን ውሎች ላይ በሚሠራበት የተመጣጣኝ ካሳ ደንብ መሠረት 400 ሺህ ብር የሚያወጣ ዕቃ በ200 ሺህ ብር ብቻ መድን ከተገባለት፣ የ100 ሺህ ብር ጉዳት ሲደርስ የሚከፈለው 50 ሺህ ብር ነው። ቀሪውን ግማሽ ነጋዴው ራሱ እንደሸፈነው ይቆጠራል። ብዙ ሰዎች 200 ሺህ ብር መድን ስላላቸው የ100 ሺህ ብሩ ጉዳት ሙሉ በሙሉ የሚከፈላቸው ይመስላቸዋል።

የስርቆት መድንም የራሱ ገደብ አለው። የተለመደው ውል ካሳ የሚከፍለው በር፣ መስኮት ወይም ቁልፍ ተሰብሮ የተፈጸመ ስርቆት ሲሆን ነው። ዕቃ ላይ ብሎ በፈቃድ የገባ ሰው አንድ ስልክ ይዞ ቢወጣ የተሰበረ ነገር ስለሌለ ጥያቄው ተቀባይነት ላያገኝ ይችላል። ከቤት የሚነግድ ሰው ደግሞ የቤቱን አድራሻ በየቀኑ ለማያውቃቸው ሰዎች የሚሰጥ ነው። ዕቃው ከቤት ከወጣ በኋላም ውሉ የሚጠቅሰው አድራሻ ይቀራል። በሚኒባስ ጣሪያ ላይ ተጭኖ ወደ ሻሸመኔ የሚጓዝ ካርቶን በቤት መድን አይሸፈንም፤ ለዚህ የጉዞ ላይ ዕቃ መድን ያስፈልጋል። አላኪው ለሾፌሩ ረዳት ጥቂት ብር ከፍሎ፣ ስልክ ቁጥር ጽፎ የሚልከው ዕቃ ደረሰኝ እንኳ ስለሌለው ቢጠፋ ማስረጃ አይገኝለትም።

የስምጥ ሸለቆ ከተሞችን ከሌሎቹ የሚለያቸው ግን ከመሬት በታች ያለው ነው። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በፈንታሌና በዶፋን ተራሮች አካባቢ በተከታታይ የመሬት መንቀጥቀጥ ተከስቷል። ታኅሣሥ 26 ቀን 2017 ዓ.ም. ንጋት ላይ የተመዘገበው 5 ነጥብ 8፣ የካቲት 7 ቀን የተመዘገበው ደግሞ 6 ገደማ መጠን የነበራቸው ሲሆን ንዝረታቸው በመተሐራ ብቻ ሳይሆን በአዳማና በአዲስ አበባም ተሰምቷል። በአፋርና በኦሮሚያ ክልሎች በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ነዋሪዎች ከመኖሪያቸው እንዲነሱ ተደርጓል፤ ቤቶችና መንገዶች ተሰነጣጥቀዋል።

መሠረታዊው የእሳት መድን ውል የሚሸፍነው እሳትንና መብረቅን ነው። የመሬት መንቀጥቀጥ፣ የጎርፍና የማዕበል አደጋዎች በተጨማሪነት ተጠይቀውና ተጨማሪ አረቦን ተከፍሎባቸው የሚገቡ ናቸው። በመንቀጥቀጥ ምክንያት የኤሌክትሪክ ሽቦ ተበጥሶ ወይም ስቶቭ ተገልብጦ ቤት ቢቃጠል እንኳ መነሻው መንቀጥቀጡ ነው ተብሎ ክርክር ሊነሳ ይችላል። በመሆኑም በአዳማ፣ በመተሐራ ወይም በባቱ የሚኖር መድን ገቢ ውሉን ሲያነብ በመጀመሪያ ሊፈልገው የሚገባው በማግለያው ዝርዝር ውስጥ የመሬት መንቀጥቀጥ መኖር አለመኖሩን ነው። ከጅማ ወይም ከጎንደር ነዋሪ ይልቅ ይህ ለእርሱ ይበልጥ ይመለከተዋል። በሜዳ ላይ የተሠራች አንድ ደርብ ቤት መንቀጥቀጡን ልትቋቋመው ትችል ይሆናል፤ እስከ ጣሪያ የተደረደረ የሸክላና የብርጭቆ ዕቃ ግን አይቋቋመውም።

ውኃም ሌላው ሥጋት ነው። አዳማ በኮረብታዎች የተከበበች እንደመሆኗ በክረምት ከየአቅጣጫው የሚወርደው ጎርፍ ወደ መኖሪያ ሰፈሮች ይገባል። ወለል ላይ የተከመረ ጨርቅና ካርቶን ለመበላሸት ብዙ ውኃ አያስፈልገውም። በመተሐራ ደግሞ ለአሥርተ ዓመታት እየሰፋ የመጣው የበሰቃ ሐይቅ አለ። መድን ድንገተኛ አደጋን እንጂ በዓይን እየታየ የሚመጣን የሐይቅ መስፋፋት ለመሸፈን የተዘጋጀ ስላልሆነ ለዚያ አካባቢ መፍትሔው ከመድን ቢሮ ሳይሆን ከምህንድስና ሥራ የሚገኝ ነው።

የሁከት አደጋም ከዚሁ ጋር ይነሳል። በሰኔ 2012 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ በሻሸመኔ፣ በባቱና በሌሎች ከተሞች በተፈጠረው ሁከት ሆቴሎች፣ የንግድ ቤቶችና መኖሪያ ቤቶች ተቃጥለዋል። መደበኛው የእሳት መድን ውል በሁከት የተነሳ እሳትን ያገልላል፤ የፖለቲካ ሁከትና የሽብር አደጋ መድን ለብቻው የሚሸጥ ሽፋን ነው። ሽፋኑን የሚገዙት በአብዛኛው ትልልቅ ድርጅቶች ናቸው። ሳሎኑ ውስጥ የሚነግድ ሰው ስለ መኖሩም አያውቅም።

ሁሉም ሽፋን ተሟልቶ ሳለ እንኳ የሚቀር አንድ መሰናክል አለ፤ ማስረጃ። መድን ለደረሰ ጉዳት ካሳ የሚከፍል እንጂ ትርፍ የሚያስገኝ ውል ባለመሆኑ መድን ገቢው ምን ያህል ዕቃ እንደነበረውና በስንት እንደገዛው ማሳየት አለበት። ብዙ ነጋዴዎች ዕቃቸውን ያለ ደረሰኝ ይገዛሉ፤ የዕቃ መዝገብም አይዙም። በዚህ ረገድ በኢንተርኔት የሚነግዱት ከሱቅ ነጋዴው የተሻለ ዕድል አላቸው። የተለቀቀው ፎቶግራፍ ከነቀኑ፣ የክፍያው የቴሌብር ማረጋገጫ፣ ከአቅራቢ ጋር የተደረገው የጽሑፍ ልውውጥ ሁሉ ከቤቱ ጋር አብረው የማይቃጠሉ መዝገቦች ናቸው። አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ለኤሌክትሮኒክ መዝገቦች ሕጋዊ ዕውቅና የሰጠ በመሆኑ መድን ሰጪዎች እነዚህን በማስረጃነት ለመቀበል የሚያስችል ግልጽ አሠራር ቢያዘጋጁ ከሕጉ ጋር የሚጣጣም ይሆናል። ስልኩ በእሳቱ ቢጠፋም መልዕክቶቹ እንዲተርፉ ነጋዴው በሌላ ቦታ ቅጂ ማስቀመጥ ይኖርበታል።

የንግድ ፈቃድ ጉዳይ ከዚህ የከበደ ነው። የንግድ ምዝገባና ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 980/2008 ማንኛውም ነጋዴ ተመዝግቦና ፈቃድ አውጥቶ እንዲሠራ ይደነግጋል። መድን ሰጪዎች የንግድ ዕቃ መድን ለሚጠይቅ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ፈቃዱን ይጠይቃሉ። ፈቃድ የሌለው የቤት ነጋዴ ስለዚህ ሁለት ምርጫ ብቻ ይቀረዋል፤ ያለ መድን መነገድ ወይም የንግድ ዕቃውን የቤት ዕቃ ነው ብሎ ማስመዝገብ። ሁለተኛው ከመጀመሪያው የባሰ ነው፤ አረቦን እየከፈሉ ካሳ የማያስገኝ ውል መያዝ ነውና። ግብር እንዳይጠየቁ ንግዳቸውን የሚደብቁ ሰዎች ያተረፉት የሚመስላቸው ገንዘብ በአንድ ሌሊት ከሚያጡት ካፒታል ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው።

መድን ድርጅቶቹም ከኃላፊነት ነጻ አይደሉም። በ1968 ዓ.ም. ከተቋቋመው የኢትዮጵያ መድን ድርጅት ጀምሮ ኦሮሚያ ኢንሹራንስን ጨምሮ በርካታ የግል ኩባንያዎች በገበያው ውስጥ ቢኖሩም ትልቁ ገቢያቸው ከተሽከርካሪ መድን የሚገኝ ነው። የአገሪቱ የመድን አረቦን ከጠቅላላ የአገር ውስጥ ምርት አንጻር ከአንድ በመቶ በታች መሆኑም የታወቀ ነው። 150 ሺህ ብር የሚያወጣ ዕቃ ላለው ነጋዴ ባለሙያ ልኮ ቤቱን ማስመርመር ከሚሰበሰበው አረቦን በላይ ወጪ ስለሚያስከትል ኩባንያዎቹ ደንበኛውን ፈልገው አይሄዱም። ነጋዴውም ዕድሩን ይተማመናል። ዕድር ድንኳን ይተክላል፣ ያጽናናል፣ ቤቱ ለተቃጠለበት አባልም መዋጮ ይሰበስባል፤ የ300 ሺህ ብር ሸቀጥ የመተካት አቅም ግን የለውም።

ይህ ክፍተት አዲስ ተቋም ማቋቋምን የሚጠይቅ አይመስልም። የከተማ ንግድ ጽሕፈት ቤቶች በኢንተርኔት ለሚነግዱ ሰዎች ፈቃድ ሲሰጡ ዕቃው የሚቀመጥበትን አድራሻና የዕቃውን ዓይነት ቢመዘግቡ ነጋዴው ለመድን ሰጪው የሚያቀርበው ሰነድ ይኖረዋል፤ የእሳት አደጋ አገልግሎቱም ተቀጣጣይ ዕቃ የት እንዳለ ያውቃል። የመድን ሥራን የሚቆጣጠረው አካል በበኩሉ በቤት መድን ላይ ተጨምሮ እስከ ተወሰነ መጠን የንግድ ዕቃን፣ የመሬት መንቀጥቀጥንና የጉዞ ላይ አደጋን በአንድነት የሚሸፍን ቀለል ያለ ውል እንዲዘጋጅ ማበረታታት ይችላል። አረቦኑ በቴሌብር በየወሩ የሚከፈል ከሆነ የወኪልና የቅርንጫፍ ወጪው ይቀንሳል።

ከሁሉም በቅርብ ያለው ባንኩ ነው። ባንኩ የተበዳሪውን ቤት መድን መታደስ በየዓመቱ ይከታተላል፤ ክትትሉ ግን አረቦኑ ከመከፈሉ አያልፍም። በዕድሳቱ ጊዜ ቤቱ አሁን ለምን አገልግሎት እየዋለ እንደሆነ የሚጠይቅ አንድ መስመር ቢጨመርበት ባንኩ የራሱንም ዋስትና ይጠብቃል፤ ቤቱ ተቃጥሎ ካሳው ቢቀነስ መጀመሪያ የሚጎድለው የባንኩ ገንዘብ ነውና። እስከዚያው ድረስ የቤት መድን ያለውና በቤቱ የሚነግድ ሰው ውሉን ወደሰጠው ቅርንጫፍ ሄዶ የአጠቃቀም ለውጡን በጽሑፍ ማሳወቅና የተቀባይነት ማረጋገጫውን ቅጂ መያዝ ይችላል። አረቦኑ ጥቂት ሊጨምር ይችላል፤ ማሳወቂያው ግን በራሱ ክፍያ የለውም።